እኔና ጃያንቲ የዶለትነው

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

ምሳ እየበላን ዮአዳን ሹካዋን አስቀመጠችና «አባዬ፣ እማዬ፣ የምነግራችሁ ነገር አለ» አለች። ሥራ የለቀቀች መሰለኝ። ሰው አግኝታ ነው። ኒኪል ማካን ይባላል። እንደሷ የመንገድና የድልድይ መሐንዲስ ነው፤ አንድ ቢሮ ይሠራሉ፤ ሊጋቡ ይፈልጋሉ። ሕንድ ነው። ማለቴ አያቱ ሳይቀሩ እዚሁ ጆሃንስበርግ የተወለዱ ሕንድ። ወላጆቹ የሕንዶቹ ሰፈር ሌኔዥያ ይኖራሉ፤ «ይምጡና እንተዋወቅ» ብለዋል።

አንዲት ልጄ ናት። ይህን ቀን ከተወለደች ጀምሮ ስጠብቀው ኖሬ፣ ከአፌ የወጣው «የሌኔዥያ መንገድ ሰላም ነው?» የሚል ሆነ።

ባለቤቴ ስንዱ በጠረጴዛው ሥር ረገጠችኝ። እስካሁን ያመኛል።

የካቲት 16፣ እሑድ

ቅበላ። ሥጋው ግን አልወረደልኝም።

ሰውን በዘሩ የምለይ ሰው አይደለሁም። የጥርስ ሐኪም ነኝ፤ አፍ ሲከፈት ሁሉም አንድ ነው። እኔ የማስበው ስለ ሃይማኖት ነው። ስለሚወለዱት ልጆች። ስለ ምግቡ። ስለ ርቀቱ። በተለይ ስለ ርቀቱ። እኛ ኤደንቬል፣ እነሱ ሌኔዥያ፤ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ነው።

አሳቤ ይህ ነው፦ እሄዳለሁ፣ በጨዋ ደንብ እተዋወቃለሁ፣ ነገሩ እንደማይሆን በጨዋ ደንብ አስረድቼ እመለሳለሁ። ለስንዱ አልነገርኳትም። እግሯ ከባድ ነው።

የካቲት 21፣ ዓርብ

ከሥራ መልስ ጄፒ፣ አበሾቹ የሚነግዱበት ሰፈር፣ ወዳጄ ሀይለየሱስ ሱቅ ጎራ አልኩ። ሀይለየሱስ ብርድ ልብስ ያከፋፍላል። ቀድሞ አይቮሪ ፓርክ በሚባል ሰፈር ሱቅ ነበረው፤ ደጋግመው ሲዘርፉት ነው ትቶት የመጣው። ስለዚህ ስለ ደኅንነት ሲናገር ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ።

«ዶክተር፣ ሰዓትህን ቤት ተው። ስልክህን ደብቅ። ሮቦት ላይ፣ መብራቱ ቀይ ነው ብለህ ተዘፍዝፈህ አትቁም። ሰው መንገድ ዳር ቆሞ እጁን ቢያወዛውዝልህ እለፈው። ከተከተለህ ደግሞ ፖሊስ ጣቢያ ግባ።»

«ሰዎቹ ቤት ከገባሁ በኋላስ?»

«ጫማህን ታወልቃለህ። በግራ እጅህ ምንም እንዳትቀበል። ስለ ላም እንዳታወራ።»

«ስለ ላም ምን አወራለሁ?»

«እሱን እንጃ። ሰው ሲደነግጥ የማያወራው የለም።»

የካቲት 30፣ እሑድ

ስንዱ እስክትተኛ ጠብቄ ነው የምጽፈው።

ዮአዳን ቀድማን ሄዳለች። እኔ ሰዓቴን ቤት ተውኩ። ስልኬንም የስንዱንም ስልክ ከመኪናው ኋላ፣ ከስኮርታ ጎማው ሥር ሸሸግኩ። ያላሰብኩት ነገር፣ መንገድ የምታሳየው ሴትዮ ስልኩ ውስጥ መሆኗን ነው። ጎልደን ሃይዌይ ላይ ስንደርስ ከጎማው ሥር ማጉረምረም ጀመረች። «ወደ» የሚለው ይሰማል፤ ወዴት እንደሆነ አይሰማም። ስንዱ ወደ ኋላ ዞራ ጆሮዋን ከመቀመጫው ላይ ለጥፋ «ግራ መሰለኝ» ትለኛለች። ግራ እታጠፋለሁ። ሴትዮዋ እንደገና ታጉረመርማለች፤ በዚህ ጊዜ በቁጣ።

ሌኔዥያ መግቢያ ላይ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ከመንገድ ዳር ቆሟል። መኪናችንን ሲያይ ሁለት እጁን እያወዛወዘ ወደ አስፋልቱ ገባ። ነዳጁን ረገጥኩት።

«ሰውየው ሊነግረን የፈለገው ነገር አለ» አለች ስንዱ።

«እንደዚህ ነው የሚጀምሩት» አልኳት።

በመስታወቱ ሳይ፣ ባኪ በሚሉት አሮጌ ነጭ ፒክአፕ ውስጥ ዘሎ ገብቶ ይከተለናል። መብራት ያበራል፣ ያጠፋል። ጡሩምባ ይነፋል። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀይ መብራት ጣስኩ። ከደቂቃ በኋላ ለሁለተኛ ጊዜ ጣስኩ። ከዚያ የፖሊስ ጣቢያ ምልክት አየሁና ግቢው ውስጥ ዘው አልኩ። ባኪውም ተከትሎን ዘው አለ።

ሰውየው እያለከለከ ወረደ። ባርኔጣውን አውልቆ በመስኮቴ ጎንበስ አለ።

«ዶክተር ምሕረቱ? የኒኪል አባት ነኝ። ጃያንቲ ማካን። መንገዱ ይጠፋቸዋል ብዬ ልቀበላችሁ ወጥቼ ነበር።»

አንድ ፖሊስ መጥቶ ምን እንደሆነ ጠየቀ። ሚስተር ማካን ላባቸውን እየጠረጉ «ምንም የለም፣ ዘመዶቼ ናቸው» አሉት።

ስንዱ ከዚያ እስከ ቤታቸው አላናገረችኝም።

በር ላይ ጫማችንን አወለቅን። ይህን አስቀድሜ ስለማውቅ አዲስ ካልሲ ነበር ያደረግኩት። ሶፋው ላይ እግሬን አነባብሬ ስቀመጥ፣ የዋጋው ወረቀት ከካልሲው ሥር እንደተለጠፈ መሆኑን አየሁ። እነሱም አዩ። ቅናሽ እንደነበረው ጭምር።

ስጦታውን የመረጥኩት እኔ ነኝ፦ ከአዲስ አበባ የመጣ አገልግል። የኒኪል እናት፣ ወይዘሮ ሀንሳ፣ በሁለት እጃቸው ተቀብለው እየዳሰሱት «እንዴት ያምራል! የለበሰው ምንድን ነው?» አሉ። ግድግዳው ላይ፣ በሥዕል፣ አምላካቸው ክሪሽና ከነጭ ላም አጠገብ ቆሞ ዋሽንት ይነፋል። ላሟ እኔን ታያለች።

«ሣር ነው» አልኩ። እውነት ነው፤ ውስጡ ሣር ነው።

ስንዱ መዋሸት አትችልም። «የላም ቆዳ ነው እህቴ። ሳናስብ ነው ያመጣነው። ይቅርታ አድርጉልን» አለች። ዮአዳን ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ወይዘሮ ሀንሳ አገልግሉን ቀስ አድርገው አስቀመጡት፤ ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «ከሩቅ አገር የመጣች እንግዳ ናት፤ ውጭ አታድርም» ብለው ንጹሕ ጨርቅ አንጥፈው ጋራዥ መደርደሪያ ላይ አኖሩት።

ምግቡ ሥጋ የለውም። ጾሜን ሳልሽር ልበላ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ሮቲ በሚሉት ቂጣቸው ላይ የሚያብለጨልጨው የተነጠረ ቅቤ መሆኑ የገባኝ ሦስተኛውን ስጨርስ ነው። አራተኛውን የበላሁት ነውር እንዳይሆን ብዬ ነው።

ከምሳ በኋላ ሚስተር ማካን «ዶክተር፣ የሎሚ ዛፌን ላሳይዎት» አሉኝ። (በእንግሊዝኛ አንቱ የለም። ግን በዕድሜ ስለሚበልጡኝ በልቤ አንቱ እላቸዋለሁ። እሳቸውም በልባቸው አንቱ የሚሉኝ ይመስለኛል።) ዛፉ ሥር ቆመን ለረጅም ጊዜ ሎሚ አየን።

«ልጅዎ ወርቅ ናት» አሉ።

«ልጅዎም ጨዋ ነው» አልኩ።

«ግን…» አሉ።

«ግን» አልኩ እኔም።

«ግን» የሚል ቃል እንደዚህ ደስ አሰኝቶኝ አያውቅም። እሳቸውም አይፈልጉትም! ስለ ሃይማኖት ያስባሉ። ስለሚወለዱት ልጆች። ስለ ምግቡ። ርቀቱን አላነሱም፤ እኔ አስታወስኳቸው። ሚስታቸው ግን በነገሩ ተደስተዋል፤ ሚስታቸውን ይፈራሉ። እኔም ስንዱን እንደምፈራ ነገርኳቸው። እጅ ለእጅ ተጨባበጥን። ቅዳሜ ተገናኝተን እንዴት እንደምናስቆመው እንመክራለን።

መጋቢት 6፣ ቅዳሜ

ለስንዱ ክሊኒክ ሄጄ የሚስተር ማካንን መንጋጋ እንደማይ ነገርኳት። ሙሉ ውሸት አይደለም፤ እውነትም አንዱ ጥርሳቸው ተሸርፏል።

ምክክሩ መልካም ነበር። በመሀል ካረም የሚባል ጨዋታ አሳዩኝ። ዱቄት የተነሰነሰበት ሰሌዳ ነው፤ ትናንሽ ክብ እንጨቶችን በጣት እየመታህ አራቱ ማዕዘን ወዳሉት ቀዳዳዎች ታስገባለህ። የጥርስ ሐኪም ጣት ለዚህ የተፈጠረ ነው። ሦስቴ አሸነፍኳቸው። ስለ ልጆቹ ለመነጋገር ጊዜ አልበቃንም፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ።

ከጨዋታ በኋላ የጎረቤት ልጆች ግቢው ውስጥ ቀለም ይዘው ገቡ። የቀለም በዓላቸው ሰሞን ነው። ማምለጥ አልቻልኩም፤ ማለቴ መሮጥ ነውር ይሆናል ብዬ ነው። ቤት ስገባ ግራ ጆሮዬ ሐምራዊ ነው።

«ምን ሆነህ ነው?» አለች ስንዱ።

«ጂቪ ነው። ክሊኒክ ፈሶብኝ።»

«ጆሮህ ላይ?»

ወደ መታጠቢያ ቤት ገባሁ። እሷም አልጠየቀችም። ፈገግ ያለች መሰለኝ።

መጋቢት 8፣ ሰኞ

ጆሮዬ አልጠራም። ታካሚዎቼ አፋቸውን ከፍተው ጆሮዬን ያያሉ።

መጋቢት 14፣ እሑድ

ትናንት ሄጄ ነበር። ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ አባ ገብረጻድቅን ለብቻቸው አገኘኋቸው።

«አባ፣ ለእንግድነት ክብር ስል ቅቤ በልቻለሁ።»

«ሰው ላለማስቀየም ከሆነ እግዚአብሔር ያውቃል፤ ንስሐ ትገባለህ። አንድ ቀን ነው?»

«ሦስት።»

«ሦስት ቀን?»

«ሦስት ቀን። በቀን አራት፣ አምስት ሮቲ።»

አባ በጣታቸው ቆጠሩ። ስግደት ሰጡኝ። ጉልበቴ ነው የሚሳቀቀው።

ስወጣ፣ ደጀ ሰላሙ ላይ አንዲት ሴት ለጓደኛዋ «የዶክተሩ ልጅ ላም አምላኪ ልታገባ ነው አሉ» ስትል ሰማሁ። ዞሬ ሄድኩባት። «እመቤት፣ ላም አያመልኩም። ያከብራሉ። አፍዎን ለመናገር ከመክፈትዎ በፊት ሄደው ቢያዩ ጥሩ ነበር። ደግሞ የእርስዎ ጋብቻ ነው?» አልኳት። ድምፄ ጮኸ መሰለኝ፤ ሰው ዞረ።

ለምን እንደተቆጣሁ አላውቅም። እኔ እኮ ተቃዋሚ ነኝ።

መጋቢት 20፣ ቅዳሜ

ዛሬ የተለየ ቀን ነበር።

ስደርስ ወይዘሮ ሀንሳ «ዶክተር፣ ከዛሬ ጀምሮ የእርስዎ ሮቲ በዘይት ነው፤ ቅቤ አላስነካሁትም» አሉኝ። ጾም ላይ መሆኔን ማን እንደነገራቸው አላውቅም። እኔ አልነገርኳቸውም። እንዲህ አስተዋይ ሴት ናቸው።

ካረሙን ስንጨርስ ጃያንቲ (ዛሬ በልቤ አንተ አልኩት፤ ራሱ መጥቶ ነው፣ አስቤ አይደለም) ስለ ሎሚ ዛፉ ነገረኝ። ልጅ ሳለ የሚኖሩት መሀል ከተማ አጠገብ፣ ፊታስ ነበር። የነጭ መንግሥት ሰፈሩን ለነጭ ብሎ ቤታቸውን አፍርሶ ወደ ሌኔዥያ አመጣቸው። ያን ጊዜ እዚህ ሜዳ ነበር። «አባቴ ግቢው ውስጥ ዛፍ እንዳንተክል ከለከለን» አለ። «‹ልንመለስ አይደል፣ ምን ያደርጋል?› ይል ነበር። እስኪሞት ድረስ ጥላ ሳይኖረው ፀሐይ ላይ ተቀመጠ። ሎሚውን እኔ በቀብሩ ማግስት ተከልኩት።»

እኛም ቤት በሚቀጥለው ዓመት አገራችን እንገባለን እየተባለ ያልተሰቀለ መጋረጃ አለ። ከዮአዳን በፊት ነው የተገዛው።

ልወጣ ስል ውሃ የጠፋባቸው ሰዎች ጎማ አቃጥለው መንገዱን ዘግተዋል ተባለ። ጭሱ ይታያል። የመኪናዬን ቁልፍ ወደ ኪሴ መለስኩ። ጃያንቲ መኪናዬን ወደ ውስጥ አስገብቶ በሩን ቆለፈና «እዚህ ማንም አይነካህም፤ ነገር ግን አሁን ወጥተህ ማየት የለም። ሰዎቹ የጠፋባቸው ውሃ ነው፣ እኛም ጠፍቶብናል፤ መንገዳቸው ላይ ግን አትቆምም» አለኝ። ሀንሳ (እሷንም በዚያው በልቤ አንቺ አልኳት) ጋራዥ በር ላይ ሆና የቀረውን የታንከር ውሃ ለጎረቤት ትቀዳ ነበር።

ስንዱ ደወለች። «የት ነህ?»

«ክሊኒክ።»

ከኋላዬ ሀንሳ «ዶክተር፣ ሌላ ሮቲ ላምጣ?» አለች።

«ያቺ ማን ናት?»

«ነርሷ ናት።»

ስልኩ ተዘጋ። ከደቂቃ በኋላ የሀንሳ ስልክ ጠራ። ሀንሳ ወደ ጓዳ ገብታ ስትስቅ ይሰማል። ሲመሻሽ መንገዱ ተከፈተና ጃያንቲ በባኪው እየመራ እስከ ሃይዌዩ ሸኘኝ። ቤት ስገባ ስንዱ «ጭሱ ጉሮሮህን አልጎዳውም?» አለችኝ። ዜና አይታ ይሆናል።

መጋቢት 28፣ እሑድ

የራማ ልደት በዓላቸው ነው። ሁላችንንም ጠርተውን ነበር። ቤተ መቅደሱ በር ላይ ጫማዬን አውልቄ፣ ከውስጥ ዳር ይዤ በአክብሮት ቆምኩ። አልሰገድኩም፤ ማንም ስገድ አላለኝም። ዮአዳን ከኒኪል እናት ጋር ሻሽ አድርጋ ተቀምጣ ነበር። እንዳማረባት ማስተባበል አልችልም።

ከዚያ ጃያንቲ ወደ ዳር ወሰደኝ። «ወንድሜ፣ ሳምንታት አለፉ። ካረም ብቻ ነው የተጫወትነው። ሀንሳ የሠርግ አዳራሽ እየጠየቀች ነው።»

ልክ ነው። ደከምን። በመጨረሻ ቃል ተገባባን፦ እሱ ለኒኪል፣ እኔ ለዮአዳን፣ በዚህ ሳምንት ቁርጡን እንነግራቸዋለን። «ምርቃቴን አልሰጥም» እንላለን። በአንድ ቀን፣ ረቡዕ። ማንም ብቻውን ክፉ እንዳይሆን።

ሚያዝያ 1፣ ረቡዕ

ዛሬ አልተመቸኝም። አስቸጋሪ ነቀላ ነበረብኝ። ዮአዳንም ደክሟት ነው የመጣችው። ነገ።

ሚያዝያ 2፣ ሐሙስ

ነገ።

ሚያዝያ 3፣ ዓርብ

አለቀ። እኔ ምንም ሳልናገር አለቀ።

ጃያንቲ ቃሉን አክብሮ ረቡዕ ለልጁ ተናግሯል። ኒኪልም ዮአዳንን «ትንሽ ጊዜ ስጪኝ» አላት። እሷም «ጊዜ የምትፈልገው ልታገባኝ ነው ወይስ አባትህን ልታስፈቅድ?» ብላ ጠየቀችው። እሱ መሪውን ይዞ ወደ መንገዱ አየ። ያሰረላትን ቀለበት መኪናው ውስጥ አስቀምጣለት ወረደች።

ይህን ሁሉ የነገረችን ቆማ፣ ምድጃውን እየፈተገች ነው። አላለቀሰችም። ምድጃው ንጹሕ ነበር።

እንግዲህ ተሳካልን። የፈለግኩት ይኸው ነው። እራት አልበላሁም፤ ጾም ስለሆነ ነው።

ሚያዝያ 4፣ ቅዳሜ

የምሄድበት የለኝም። ግቢውን ስዞር ዋልኩ። ዮአዳን የክፍሏን መስኮቶች አጠበች።

ሚያዝያ 5፣ እሑድ

ሆሣዕና። ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ መኪናው ወደ ቤት መታጠፍ ሲገባው ወደ ደቡብ ሄደ። ሰዓቴ እጄ ላይ፣ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። አላሰብኩትም።

ጃያንቲ ራሱ ከፈተልኝ። ያልተላጨ ነው። የካረሙ ሰሌዳ ከግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

«ኒኪል አያናግረኝም» አለ። «ሀንሳ ታናግረኛለች፣ ግን ሮቲውን ደረቁን ነው የምትሰጠኝ። ያንተስ ልጅ? ምን አለችህ?»

ወደ ካረሙ ሰሌዳ ዞርኩ።

«ነገርካት አይደል?»

«ረቡዕ አስቸጋሪ ነቀላ ነበረብኝ።»

ጃያንቲ ተነሣ። ስድሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ እንደዚያ ሲቆጣ አላየሁትም። «ብቻዬን? ብቻዬን ክፉ አባት አደረግኸኝ? ልጄ እኔን ነው የሚጠላው፣ አንተ ቤትህ ቁጭ ብለህ ደግ አባት ነህ!»

«እኔም ደስ አላለኝም» አልኩት። «ምድጃ ትፈትጋለች። መስኮት ታጥባለች። ትናንት ደግሞ ቅዳሜ ነበር።»

ይህን ስል ድምፄ ተሰበረ። ቅዳሜ ብዬ ነው እንጂ ሌላ አይደለም። ጃያንቲ ተመልሶ ተቀመጠ። «እኔም ትናንት ሰሌዳውን አውጥቼ ዱቄት ነስንሼ ነበር» አለ።

ከዚያ እውነቱን ተነጋገርን። ልጆቹን አንድ ቀን እንኳ አብረን ጠርተን ጠይቀናቸው አናውቅም። የፈራነውን እርስ በርስ ተነጋገርን እንጂ ለነሱ አልነገርናቸውም። እያንዳንዳችን ለየልጃችን ሁሉንም ልንናዘዝ ተስማማን። «አሁን አንተ ቅደም» አለኝ ጃያንቲ። ፍትሐዊ ነው።

ሚያዝያ 6፣ ሰኞ

ነገርኳት። ወጥ ቤት ውስጥ፣ ቆሜ። የሎሚውን ዛፍ፣ ቅዳሜዎቹን፣ የረቡዑን ቃል። ጨርቁን እጇ ላይ እንደያዘች ሰማችኝ።

«አባዬ፣ በየቅዳሜው እኔ ላይ ዶለታችሁ?»

«በአብዛኛው ካረም ነው የተጫወትነው።»

«እሱንማ አውቃለሁ። ሰው ሁሉ ያውቃል። ትወዳቸዋለህ እኮ። ቤተ ክርስቲያን ለነሱ ብለህ ተጣልተሃል። ታዲያ ለኔ ሲሆን ምንድን ነው የፈራኸው?»

ስለ ሃይማኖት ልላት ነበር። ስለ ምግብ። ስለ ርቀት። ሳላስበው የወጣው ሌላ ነው። «እዚህ ካገባሽ እዚህ ቀረን ማለት ነው» አልኳት። «ለዘላለም።»

ጨርቁን አስቀመጠች። «አባዬ፣ እኔ እዚህ አልቀረሁም። እዚህ ነው የተወለድኩት። የምመለስበት ሌላ ቦታ የለኝም። አንተ ሁልጊዜ ሻንጣ እንዳነሣህ ነው የምታናግረኝ።»

ወደ ክፍሏ ገባች። በሩን ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው። ብታላትመው ይሻለኝ ነበር።

ሚያዝያ 8፣ ረቡዕ

ጃያንቲ ደወለ። እሱም ተናዟል። ኒኪል ምንም ሳይል ወጥቶ ሄደ፤ ሌሊቱን ተመልሶ አባቱ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ አለኝ። «አናገረህ?» አልኩት። «አላናገረኝም። ግን ተቀመጠ።»

ዮአዳን ዛሬ «ደህና አደርክ» አለችኝ። ትናንት አላለችኝም።

ሚያዝያ 10፣ ዓርብ

ስቅለት። ስግደት። ጉልበቴ። አባ «ያንተ ከሌላው በዛ ይላል» አሉኝ፤ ሮቲዎቹን አልረሱም።

ሚያዝያ 11፣ ቅዳሜ

ስንዱ ዶሮ እየበለተች «ነገ እንግዶች አሉን» አለችኝ።

«እነማን?»

«እነ ሀንሳ። ሦስቱም።»

«ማን ጠራቸው?»

«እኔ።»

«የሀንሳን ቁጥር ከየት አገኘሽው?»

ቢላዋዋን አስቀመጠች። «ምሕረቱ፣ ከመጀመሪያው እሑድ ጀምሮ በየቀኑ እናወራለን። ሥጋ ስላልሆነ ብቻ እየበላ ጾሙን ገደፈ ብሎ ቅቤውን ያስቀረው ማን መሰለህ? ጃያንቲ ጋ ስትሄድ ሀንሳ ትደውልልኛለች፣ ስትወጣ ትደውልልኛለች። ስንት ሮቲ እንደበላህ ሁሉ አውቃለሁ።»

«ጆሮዬንስ?»

«ፎቶህን ልካልኛለች።»

መቀመጫ ፈልጌ ተቀመጥኩ። ስንዱ ወደ ዶሮው ተመለሰች። «ዮአዳን ይምጡ ብላለች። ኒኪልን ታናግረዋለች፤ እታረቃለሁ ግን አላለችም። የምነግርህ አንድ ነገር ነው፦ ነገ አንተና ጃያንቲ አፋችሁን አትክፈቱ።»

ሚያዝያ 12፣ እሑድ፣ ፋሲካ

እነ ማካን ከእኛ በላይ ተጨንቀው መጡ። ጃያንቲ በር ላይ ጫማውን ሊያወልቅ ሲል ስንዱ «እኛ ቤት አይወልቅም» ብላ ከለከለችው፤ ሀንሳ ደግሞ በአማርኛ «እንኳን አደረሳችሁ» አለች። ስንት ቀን እንደተለማመደችው እግዚአብሔር ይወቅ። «አደረሳችሁ» የሚለው አፏ ውስጥ ሲንከባለል ዮአዳን እንኳ ፈገግ አለች። ኒኪል ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ከስቶ፣ ከአባቱ ኋላ ቆሟል። ዮአዳን «ና» አለችውና ወደ ጓሮ ይዛው ወጣች። በሩ ተዘጋ።

ከዚያ እኛ ቁጭ አልን። አራት ወላጆች፣ አንድ ገበታ።

ስንዱ በፋሲካ ቀን ሥጋ የሌለበት ገበታ ነው የዘረጋችው። ሽሮ በቅቤ፣ አይብ በጎመን፣ ምስር፣ ድንች። ከሁለት ወር ጾም በኋላ ሽሮ! ግን ደስ ብሎኝ ነበር የተቀመጥኩት፤ ለእንግዳ ክብር ነው። ጎረስኩ። አጣጣምኩ። ዓይኔ ግን ወደ ጋራዡ በር ሳይሄድ አልቀረም፤ ስንዱ ዶሮውን ሽታው እንዳያስቸግራቸው ብላ እዚያ፣ በትንሿ ምድጃ ላይ ነው ያስቀመጠችው።

ሀንሳ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ዶክተር፣ ዛሬ የእናንተ በዓል አይደለም? ስንዱ የምትበሉትን ነግራኛለች።»

«ይህም በዓል ነው» አልኩ።

«እርስዎ ቤቴ የሚከብድብዎትን ሁሉ ታግሰው ተቀምጠዋል። እኔን አክብሩኝ ብዬ እርስዎን ባስርብ ምን ዓይነት አክብሮት ነው? ይሂዱ፣ ይብሉ። እኛ እዚሁ እንጠብቃለን።»

አልሄድም አልኩ። ስንዱ በዓይኗ «ሂድ» አለችኝ። ሄድኩ።

ድስቱን ከፍቼ፣ እንጀራ ቆርሼ፣ የመጀመሪያውን ጎረስኩ። ስለ እሱ ምንም አልጽፍም፤ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሁለተኛውን ልጎርስ ስል የጋራዡ በር ተከፈተ። ጃያንቲ ነው።

«ሽታው ያስቸግርሃል፣ ተመለስ» አልኩት።

«ሰው በበዓሉ ቀን ብቻውን ጋራዥ ውስጥ አይበላም» አለ። ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ እጆቹን ከኋላው አጣምሮ ቆመ። አፍንጫውን በመሐረብ ይዟል። እኔ እበላለሁ፣ እሱ ለግድግዳው ያወራል። አፋችንን እንዳንከፍት የተነገረን ለገበታው እንጂ ለጋራዡ አይደለም።

ከጋራዡ ወደ ጓሮ የሚያወጣው በር ገርበብ ብሏል። የልጆቹ ድምፅ ይሰማል። መጀመሪያ የዮአዳን ብቻ ነበር፣ ፈጣንና የተቆጣ። ቆይቶ የኒኪል ቀስ ያለ። ቃሉ አይለይም። ከዚያ ረጅም ዝምታ። ጃያንቲም ለግድግዳው ማውራቱን ተወ። እጄ ድስቱ ላይ ቀረ።

ከዚያ ዮአዳን ሳቀች። ጮክ ብላ፣ በአፍንጫዋ፣ እንደ ልጅነቷ። ከሚያዝያ ሦስት ወዲህ አልሰማሁትም። ጃያንቲ አልዞረም፤ ትከሻው ብቻ ዝቅ ሲል አየሁት።

«ጨረስክ?» አለኝ ለግድግዳው።

«አንዲት እግር ቀርታኛለች።»

«ቀስ ብለህ ብላት» አለ። «ልጆቹ ገና እያወሩ ነው።»